የአሳር ሠላሳ ሁለተኛው ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ላውታን ቻውዳሪ፤ ማሌዥያ፣ የእንጨት ፋብሪካው ሰፈር፣ ባለህበት።

ወንድም ጋሼ፣ ከታናሽ እህትህ ከጃግማቲ የሚደርስህ ሰላምታ በሁለት እጅ የተያዘ ነው፤ በቀኜ ናፍቆት፣ በግራዬ ቁጣ። ሁለቱንም ተቀበል። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክ? ወገብህስ? ያ መጋዝ የነካው ጣትህ ዳነልህ ወይስ አሁንም ሲዘንብ ይጠዘጥዝሃል? አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን ነው የምንተኛው ብለኸን ነበር፤ ቀነሱላችሁ? ሩዛቸውስ አሁንም እንደ ላስቲክ ነው? ይህን ሁሉ አንድም ሳትዘልዪ ጠይቂው ያለችኝ እማዬ ናት፤ አጠገቤ ተቀምጣ ምን ጻፍሽ፣ ምን ጻፍሽ እያለች ነው። ለእኔ ብትተወውማ ከመጀመሪያው መስመር ነበር የምጮህብህ።

እኛ ደህና ነን ተብሎ ነው የሚጻፈው። እማዬ ደህና ናት። ሚስትህ ራምካሊ ደህና ናት፤ ልጅህ ቢፓና ሁለት የፊት ጥርስ ወልቆባት ስትስቅ አጎቴን ትመስላለች። ጎሿ ወልዳለች፣ ሴት። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ፤ ስለተናደድኩም ነው የምጽፍልህ።

በስልክ ሁለት ጊዜ ሞከርን። ሁለቱንም ጊዜ እኔ ጮህኩ፣ አንተ ዘጋህ። ደብዳቤ ደግሞ አይዘጋም። የጎረቤታችን ልጅ ብሃጊራም ዕረፍቱን ጨርሶ ወደዚያው ሊመለስ ነው፤ በእጁ ይሰጥሃል። እማዬ የደረቀ ዓሣ ጠቅልላ አብራ ልካለች። ዓሣውን ከመብላትህ በፊት ይኼን ጨርስ፤ ከበላህ በኋላ ልብህ ይለሰልሳል፣ እኔ ደግሞ እንዲለሰልስ አልፈልግም።

የነገርከኝን ላስታውስህ፤ እንዳልረሳኸው ባውቅም። «ፈርሚና ተገላገይ። አንዲት ፊርማ ናት። እኛ ምን አቅም አለን?» አልከኝ። ከሊቀመንበሩም ከኢንጂነሩም ይልቅ ያቃጠለኝ ይኼ ነው። እነሱ ጠላቶቼ ናቸው፣ የጠላት ሥራቸውን ይሠራሉ። አንተ ማነህ? «ላፕቶፑን እኔ ባልገዛልሽ» ደግሞ አልክ። አዎ ገዝተህልኛል። ያን ላፕቶፕ ስትልክልኝ እንድሠራበት መስሎኝ፤ አንገት እንድደፋበት መሆኑን ብትነግረኝ ኖሮ እዚያው አስቀምጠው እልህ ነበር።

እስቲ አሁን ከሥሩ ልንገርህ፤ አንተ በስልክ ግማሹን ሳትሰማ ነው የፈረድክብኝ።

ድሮ አንተ እዚህ እያለህ የዩሪያ ማዳበሪያ ተራ እንዴት እንደሚያዝ ታውቃለህ። የጭነት መኪናው መጣ ሲባል ሰው ሁሉ ሮጦ የገበሬ ማኅበሩ በር ላይ ጫማውን ይደረድራል። አንዳንዱ ጡብ ያስቀምጣል፣ አንዱ የተሰበረ ባልዲ። ጫማህን አስቀምጠህ ወደ ማሳህ ትሄዳለህ፤ ጫማህ ይሰለፍልሃል። ማንም የሰው ጫማ አይነካም፤ የነካ እንደሆነ የመንደሩ አለቃ ማታዋው ፊት ይቀርባል። ያንን ጣጣ ማን አስቀረው? እኔ። ኮሌጅ ያልገባሁት፣ ቱልሲፑር ፎቶ ኮፒ ቤት መታወቂያ በላስቲክ ሳሽግ የኖርኩት እኔ። ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ተምሬ ለማኅበሩ ድረ ገጽ ሠራሁ፤ ለተራ መያዣውም ሶፍትዌር ጻፍኩለት። ገበሬው በስልኩ ይገባል፣ በራሳችን በታሩ ቋንቋ ይጠየቃል፣ የቤቱን ስም ይጽፋል፣ «ተመዝግበዋል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። አራት ዓመት ሠራ። አራት ዓመት አንድ ሰው ተራዬ ጠፋ ብሎ አልመጣም።

ዘንድሮ ሊቀመንበራችን ዲልናት ዘመናዊ እንሁን አሉ። ከካትማንዱ ኢንጂነር ፕራግያን የሚባል ልጅ መጣ፤ ፀጉሩን ቀብቶ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ እየዘለለ። አዲስ ሲስተም አመጣ። ነገርዬው መጥፎ አይደለም፤ እውነቱን ልናገር። ጽሑፉን፣ ፎቶውን፣ ዜናውን፣ ሁሉን በየሳጥኑ ታስገባለህ፣ እሱ ራሱ አሰናድቶ ገጹ ላይ ያወጣዋል። ዜና ለመለጠፍ እኔን መለመን ቀረላቸው። የእኔ የተራ መያዣ ግን ይቆይ ተባለ፤ ገበሬው ለምዶታልና ከአዲሱ ሲስተም ጋር ይገጠም አሉ።

አንተ በር ትሠራለህ፤ በበር ላስረዳህ። አንድ የቆየ፣ ጥሩ የሚዘጋ በር አለ እንበል። አዲስ ቤት ተሠራና ያንን በር እዚህ ግጠም ተባልክ። ምን ታደርጋለህ? በሩን ትለካለህ፣ መቃኑን ትለካለህ፣ ከዚያ ነው መላጊያ የምታነሣው። ፕራግያን በሩን አልለካም። መቃኑን አቆመ፤ በሩ በአንድ ጣት ሲበልጥበት ከግርጌው ቆረጠው።

ያ አንድ ጣት ምን እንደሆነ ልንገርህ። የእሱ ሲስተም ለቀን የራሱ ሳጥን አለው፤ ሳጥኑ የሚያውቀው የፈረንጅን ቀን ብቻ ነው። የእኔ ሶፍትዌር ደግሞ ገበሬው ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ቀን ነው የሚጽፈው፤ ባይሳክ፣ ጄት፣ አሳር እያለ። ዘንድሮ አሳር ስንት ቀን ነበረው? ሠላሳ ሁለት። ይኼን ቢፓናም ታውቃለች። ፈረንጅ ግን ሠላሳ ሁለት የሚባል ቀን የለውም። ልጁ አሳር ሦስተኛ ወራችን ስለሆነ እንደ ፈረንጅ ሦስተኛ ወር አድርጎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተው። የነሱ ሦስተኛ ወር ሠላሳ አንድ ቀን አለው። ስለዚህ ከአንድ እስከ ሠላሳ አንድ የተመዘገበው ሁሉ ሰተት ብሎ ይገባል፤ በሠላሳ ሁለተኛው ቀን የሚመጣው በሩ ላይ ይቀራል።

ነገርኳቸው። በጄት ወር ስብሰባ ላይ፣ አሥራ አንድ ሰው በተቀመጠበት ተነሥቼ ነገርኳቸው። ቀኑን እንደ ጽሑፍ ተወው፣ በቀን ሳጥን አታስገባው፣ የመጨረሻዋ ቀን ትጠፋለች አልኩት። ፈገግ አለ። «ይኼ ሲስተም በዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው፤ አሳርሽን ያውቃል» አለኝ። አያውቅም አልኩት። ሊቀመንበሩ እንድቀመጥ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። አልተቀመጥኩም። ያኔ ልጁ ወደ ሌሎቹ ዞሮ ምን አለ መሰለህ? «የእሷ ሶፍትዌር ታሩዎች እንደሚበሉት ቀንድ አውጣ ነው፤ እስኪደርስ ዝናቡ ያልፋል።» ሁሉም ሳቁ። የእኛ ሰዎችም ሳቁ፣ ወንድም ጋሼ፤ ይኼ ነው የሚያመው። እኔም አፌ አላረፈም፤ «ቀንድ አውጣ ቤቱን አዝሎ ነው የሚሄደው፤ የአንተው ግን ሰው እያንጠባጠበ ይሄዳል» አልኩት። ሳቁ ቆመ፤ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው «ሠራተኛዋ ሥነ ሥርዓት ጎደላት» የሚለው ብቻ ነው። ስለ ሠላሳ ሁለተኛው ቀን አንዲት መስመር የለም።

አሁን የምጽፍልህን በስልክ አልነገርኩህም። ለእማዬም አልነገርኳትም ነበር፤ ይኸው አሁን እየጻፍኩ አነብላታለሁ።

ምዝገባው የሚዘጋው በአሳር መጨረሻ፣ የመንግሥት በጀት ዓመት ሲያልቅ ነው። የእኛን ሰው ደግሞ ታውቀዋለህ። ግብሩንም፣ ማመልከቻውንም፣ ዕርቁንም ለመጨረሻዋ ቀን ያስቀምጣል። ችግኙን ተክሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ በሠላሳ ሁለተኛው ቀን ነው ስልኩን የሚያነሣው። ያን ቀን እኔ ቢሮ ነበርኩ። ከጠዋት ጀምሮ በእኔ ሶፍትዌር በኩል «ተመዝግበዋል» የሚለው መልእክት እየወጣ ነው፤ አንድ፣ አምስት፣ ሠላሳ። አዲሱ ገጽ ላይ ያለው ቁጥር ግን ሰባት መቶ አርባ ላይ ተገትሮ ቀረ። እኩለ ቀን ላይ አየሁት። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ፕራግያን ከጎኔ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አንድ ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። አልተናገርኩም።

ይዋጣለት አልኩ። ነገ ይታይና ሰው ሁሉ ፊት ይፈር፣ የቀንድ አውጣውን ቀልድ ይዋጣት አልኩ። አንድ ሌሊት ብቻ ነበር ላስጨንቀው ያሰብኩት። ግን በነጋታው፣ በሳውን አንድ፣ እኔ ቢሮ ሳልደርስ ሊቀመንበሩ ዝርዝሩን አሳትመው፣ ማኅተም መትተው፣ ለወረዳ ልከውታል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፈራሁ። አዎ፣ እኔ ፈራሁ። አሥራ ሦስት ቀን አፌን ለጉሜ ቆየሁ።

በሳውን አሥራ አራት ዩሪያው መጣ። ስም እየተጠራ መስጠት ተጀመረ። ባሏ ኳታር የሞተባትን ሱክኒን ታስታውሳታለህ? ከኩሬው ማዶ ያለችው። ከጠዋት ጀምራ ቆማ ስሟ ሳይጠራ ቀረ። ስልኳን አውጥታ መልእክቱን አሳየቻቸው። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩና «ስልክሽ ያለው ሌላ ነው፣ ወረቀቴ ያለው ሌላ ነው» አሏት። ከኋላዋ ሌላ ሰው ስልኩን አወጣ። ከዚያ ሌላ። ሁሉም ስልካቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ ሁሉም ስልክ ላይ የእኔ ቃል፣ «ተመዝግበዋል» የሚለው። እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ ነበር። ሱክኒ ዞራ አየችኝ። ያንን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም። ለዲልናት ግን እመኝላቸዋለሁ።

ማምሻውን ወደ ሲስተሙ ገባሁ፤ የይለፍ ቃሌን አልነጠቁኝም ነበር። ሰዎቹ አልጠፉም፣ ወንድም ጋሼ። ይኼ ሲስተም የማይገባው ነገር ሲመጣለት አይጮህም፣ አይጥልም፤ «ረቂቅ» ብሎ ጓዳ ውስጥ ያስቀምጠዋል። መቶ ሰማንያ ሰባት አባወራና እማወራ፣ ስማቸው ከነቤታቸው፣ የተመዘገቡበት ሰዓት ሳይቀር፣ የቀን ሳጥናቸው ብቻ ባዶ ሆኖ፣ ጓዳ ውስጥ ተደርድረው ቁጭ ብለዋል። አርባ አንደኛዋ ራምካሊ ናት። ሚስትህ።

ጠዋት ለፕራግያን አሳየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ለማንም አትንገሪ፣ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ አለኝ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ነበር። ለአፍታ አሳዘነኝ ብልህ አልዋሽህም። ከዚያ ተነሥቶ ሊቀመንበሩ ክፍል ገባ። ሲወጣ ሌላ ሰው ነበር፤ ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። እኔም ከዚያ በኋላ አልቆየሁም። አንዲት ጠቅታ ነው ያንን ጓዳ የሚያጠፋው። ስሞቹን ገልብጬ ቱልሲፑር ድሮ የሠራሁበት ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩና አሳተምኳቸው። አምስት ገጽ።

በማግስቱ ዲልናት ጠሩኝ። በር እንድዘጋ አዘዙኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አለ፣ ተጽፎ ያለቀ። አሮጌው ሶፍትዌር በእኔ ስሕተት ሳይመዘግብ የተመዘገቡ የሚያስመስል የሐሰት መልእክት ልኳል፣ ይላል። ከታች ስሜ፣ ለፊርማ የሚሆን ቦታ፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ለሁለቱ አውራ ጣቶቼ ሁለት ባዶ ሳጥን። ፈርሚ፣ ደሞዝሽ አይነካም፣ ፎቶ ኮፒ ክፍል ትቀመጫለሽ፣ ልጁም ገና ወጣት ነው፣ ስሙ አይጥፋ አሉኝ። የእኔስ ስም አልኳቸው። ሊቀመንበሩ ሣቁ፤ ክፋት የሌለው ሣቅ ነበር፣ እሱ ነው የባሰው። «አንቺ ልጄ፣ የምን ስም አለሽ?»

ያን ቀን ነው አንተ ጋ የደወልኩት። አንተም እኛ ምን አቅም አለን አልከኝ።

አንተ የሰማኸው ፊርማ የሚለውን ብቻ ነው። ወረቀቱ ምን እንደሚያደርግ ሳልነግርህ ዘጋህብኝ። ሁለተኛ መኪና ዩሪያ በሳውን ሃያ ሁለት ሊመጣ ነበር። ወረዳ ያለው፣ ተመዝግቦ የቀረበት ሰው ካለ ከዚህኛው ይሰጠው ነው። እኔ ያንን ወረቀት ከፈረምኩ ግን መቶ ሰማንያ ሰባቱ መጀመሪያውኑ አልተመዘገቡም ማለት ነው። ያልተመዘገበ ደግሞ ምንም አይጠይቅም። ሩዙ በተተከለ በወሩ ዩሪያ ካላገኘ ምን እንደሚሆን ለአንተ አልነግርህም፤ ማሳ ውስጥ ነው ያደግከው። የሱክኒ መደብ በዚያ ሳምንት እንደ ታመመ ሰው ዓይን ቢጫ ሆኖ ነበር። የራምካሊም ጀምሮታል። አንዲት ፊርማ ያልካት እቺን ነው።

ሌላም አለ። አባታችን አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ የማያነበው ወረቀት ላይ ሲያትም አንተ አጠገቡ ነበርክ። አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር፣ ታስታውሳለህ። ከወንዙ ዳር ያለው መሬት በዚያች ጣት ሄደ። ያኔም እኛ ምን አቅም አለን ነበር ያለው። አባዬስ ማንበብ አይችልም ነበር። እኔን ማንበብ እንድማር ትምህርት ቤት በጀርባህ አዝለህ ወንዝ ያሻገርከኝ አንተ ነህ። ታዲያ አንብቤ እንደ እሱ እንዳትም ነው?

አልፈረምኩም። ላስብበት ብዬ ወጣሁና በቀጥታ ማታዋው ቤት ሄድኩ።

ዘንድሮ በማግ በዓል ማታዋ አድርገን የመረጥነው ቲልኩን ነው፤ ያ ትንሽ የሚያነክሰው፣ አንተን ዋና ያስተማረህ። ከጎሹ ጋር ጭቃ ውስጥ ነበር። አምስቱን ገጽ አሳየሁት። ማንበብ አይችልም፤ ግን ጣቱን በየመስመሩ እያሳለፈ ይኼ ማነው፣ ይኼስ ማነው አለኝ። አሥር ያህል ስም እንደነገርኩት በቃ አለ። ጠሪውን ልኮ በየመንደሩ አስጮኸ፤ ከየቤቱ አንድ ሰው፣ የቀረ ይቀጣል።

በነጋታው ትልቁ ዛፍ ሥር ሰው ጢም አለ። ስሞቹን ላንብብ ብዬ ተነሣሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ዲልናትን የምልጥበት፣ ፕራግያንን የምጠብስበት። አፌን ታውቀዋለህ። ግን ሱክኒ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውኩት። «ስማችሁ አልጠፋም፣ እዚህ አለ» አልኩ። «በአሳር ሠላሳ ሁለት ግን ዝርዝሩ ላይ እንደማይወጣ እኩለ ቀን ላይ አይቻለሁ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ አንዲት ሴት ከኋላ፣ ማን እንደሆነች ለማየት አልደፈርኩም፣ «ልጁን ለመጉዳት ነው ወይስ እኛን?» አለች። ልጁን ነው፣ እንዲያፍር ብዬ ነው አልኩ። ማታዋው ምርኩዙን መሬት ላይ መታ። «ፍርዷን በኋላ እናያለን፤ መጀመሪያ ስሙን አንብቢ» አለ። መቶ ሰማንያ ሰባቱን አነበብኩ። ስሙ የተጠራ ሁሉ አንድ እግር ጫማውን እያወለቀ ፊቱ አስቀመጠ። ማንም አላዘዛቸውም። የድሮው ተራ አያያዝ እጃቸው ላይ ነበር።

በሳውን ሃያ ሁለት መኪናው ሲመጣ የማኅበሩን ደጃፍ ባየኸው። ከበሩ እስከ ዋናው መንገድ ጫማ። የላስቲክ፣ የቆዳ፣ የትምህርት ቤት ጫማ፣ አንድ የጎማ ቦቲ። በእኔ ዝርዝር ቅደም ተከተል፣ አንድም ሳይዛነፍ። ባለቤቱ ሁሉ አንድ እግሩን ባዶ አድርጎ ጭቃው ውስጥ ቆሟል። ዲልናት በሞተር ብስክሌት መጡ። መግባት አቃታቸው፤ ለመግባት የሰው ጫማ መንካት አለባቸው። ይኼን አንሡ አሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ማታዋው እያነከሰ ቀረበና በጣም በትሕትና ነገራቸው፤ «ሊቀመንበር፣ ባለቤት አለው። ልጅቷ ትጥራልዎት፣ እርስዎ ይስጡ፤ ጫማው በየተራው ይነሣል።»

ፕራግያን በረንዳው ላይ ነበር። ዲልናት ወደ እሱ አዩ፤ እሱ ወደ ጫማው አየ። ከዚያ ያልጠበቅኩት ሆነ። ወደ ውስጥ ገባና ወንበር አውጥቶ ሰጠኝ። አልተቀመጥኩበትም። ቆሜ ጠራሁ፣ ሊቀመንበሩም ሰጡ፤ እስከ መጨረሻዋ ጫማ ድረስ።

እንዲህ ስልህ ነገሩ ሁሉ አማረ ብለህ እንዳታስብ። የሱክኒ ሩዝ ዘግይቷል፤ ከመደቧ ግማሹ አይመለስም። ፍርዴን ማታዋው ሰጥቶኛል፤ በመኸሩ ከራሴ ቤት ሥራ በፊት ሦስት ቀን የሱክኒን አጭዳለሁ። አልተከራከርኩም። እሷ እስከ ዛሬ አታናግረኝም፤ መብቷ ነው። ከሥራም ተባርሬያለሁ፤ ደብዳቤው ትናንት ደረሰኝ፣ «ሥነ ሥርዓት በማጉደል» ይላል። የነሱን ወረቀት አልፈረምኩም። የራሴን ጽፌያለሁ፤ ያስጠነቀቅኩበትን ቀን፣ ልጁ የቆረጠውን፣ እኔ አይቼ ዝም ያልኩትን፣ ሁሉን። ቃለ ጉባኤው ውስጥ ካልገባ ከቢሮ አልወጣም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ገባ። ከፊርማዬ ግራና ቀኝ ሁለቱንም አውራ ጣቴን አተምኩ። ከቤታችን አንብቦ ያተመ የመጀመሪያዋ ሰው ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፕራግያን ደወለ። እስከ ዛሬ ስሜን እንኳ ጠርቶ አያውቅም፤ «እህቴ» አለኝ። በሚመጣው ዓመት ጄት ስንት ቀን እንዳለው ልጠይቅሽ ነው አለ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ የማንኛውም ገበሬ ቤት ገብተህ ቀና በል አልኩት። ዘጋሁበት። አንተ በእኔ ላይ ስትዘጋ እንዴት ደስ እንደሚልህ ያኔ ገባኝ።

ወንድም ጋሼ፣ ይቅርታ በል አልልህም። አንድ ነገር ብቻ፤ ሁለተኛ እኛ ምን አቅም አለን እንዳትለኝ። ለራስህም አትበል፤ እዚያ ወረቀት ሲያቀርቡልህ ሳታነብ እንዳትፈርም። የማይገባህ ቃል ካለ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። ላፕቶፑ ከእኔ ጋር ነው፤ አንድ ፊደል ወልቆበታል እንጂ ይሠራል።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ ወገብህን በዘይት አስሸው ብላሃለች፣ ማን ያሽልህ እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ራምካሊ ሰላም ብላለች፤ ሌላም ነበራት፣ እሱን ራሴ እነግረዋለሁ ብላ ተወችው። ማሳዋ አረንጓዴ መሆን ጀምሯል በይው ብላለች። ቢፓና ጥርሶቿን ጣራ ላይ ወርውራለች፤ አዲሶቹ ሳይወጡ ና ትልሃለች። አጎቴ ሰላም ይልሃል፣ ስለ አፌም ይቅርታ ይጠይቅልኛል፤ እኔ አልላክሁትም። ማታዋ ቲልኩ እጅ ነሥቶሃል፣ ዋና አልረሳህም ወይ ይላል። ለክፍል ጓደኞችህ ለሰባቱም በየስማቸው ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ማንንም አትዝለል። ጎሿም ጥጃዋም ደህና ናቸው።

እህትህ
ጃግማቲ ቻውዳሪ

ዳንግ፣ ከባባይ ወንዝ ማዶ፣ ከእማዬ በረንዳ
ሳውን 29 ቀን 2082። ቀኑን በእጄ ነው የጻፍኩት፤ በማንም ሳጥን አላለፈም።